ጓንት ውስጥ የቀላ ሂና

ሻይማ ጓንቷን ያጠለቀችው ገና ከቤት ሳትወጣ ነው። ጥቁር፣ ስስ፣ ከዐባያዋ እጅጌ በታች የሚገባ ጓንት። የተሳፈሩበት ሚኒባስ፣ ደባቡ፣ ከሰፈራቸው ከሚምዳራ ወጥቶ ወደ ባሕር ዳሯ ብሬቃ የሚወስደውን መንገድ ሲይዝ በመስኮቱ የሚገባው ነፋስ ከምድጃ አፍ የሚወጣ ይመስል ነበር፤ መዳፏ ውስጥ ላብ ሲያቆር ይሰማታል።

“ኡሚ፣ ለምን አታወልቂውም?” አለቻት ልጇ ኸውላ።

“ፀሐዩ እጄን እንዳያጠቁረው ነው።”

“ሱቅ ስትሄጂ አታደርጊውም።”

“ዛሬ ባሕር ነው የምንሄደው። የባሕር ፀሐይ ይብሳል።”

ኸውላ ስምንት ዓመቷ ነው። መልስ ስለተሰጣት ብቻ ዝም የምትል ልጅ አይደለችም።

“ፊትሽስ? ፊትሽ ቢጠቁር ግድ የለሽም?”

ከሹፌሩ አጠገብ የተቀመጡት አማቷ ሐጂ ዐብደላ ከት ብለው ሳቁ። “ይህቺን ልጅ ፍርድ ቤት ነው ማስገባት!” አሉ። ባለቤታቸው ዐሊያም ሳቁ። ትንሹ ዐማር ነገሩ ባይገባውም አብሮ ሳቀ። ሻይማ ግን እጆቿን ዐባያዋ እጥፋት ውስጥ ደበቀቻቸው። ከጓንቱ ሥር ሂና ነበር።

ባሏ ሰላህ በመኪና አደጋ ከሞተ አራት ዓመት ሆኖታል። ከዚያ ወዲህ ከሁለት ልጆቿ ጋር የምትኖረው በአማቶቿ ቤት ነው። ሐጂ ዐብደላ ደሴ ተወልደው ያደጉ፣ በኋላ ወደ የመን የተመለሱ የመናዊ ናቸው፤ ሚምዳራ ውስጥ የቅመማ ቅመም ሱቅ አላቸው። ሻይማ ከሱቁ ጀርባ፣ ከመጋረጃው ወዲያ ተቀምጣ በርበሬና ሽሮ ታሽጋለች። ያህያን ያወቀችው በዚያ መጋረጃ በኩል፣ መጀመሪያ በድምፁ ነው።

ያህያ ከባቲ ገጠር ወጥቶ በጀልባ ባሕር የተሻገረ ወጣት ነው። መንገዱ ወደ ሳውዲ ነበር። መንገድ መቀጠያ እስኪያገኝ ብሎ ብሬቃ ላይ ከዓሣ አጥማጆች ጋር ሥራ ያዘና በዚያው ቆየ። ሐሙስ ሐሙስ በርበሬ ሊገዛ ይመጣል፤ ሲመጣም በላስቲክ ዓሣ ይዞ ነው። ሐጂ ዐብደላ ሶላት ሲሄዱ ሱቁ ውስጥ አንድ መጋረጃና ሁለት ሰዎች ይቀራሉ። ያህያ ስለ አገሩ ወንዝ ያወራል፤ እሷ የሚዛኑን ሳህን እያጸዳች ታዳምጣለች። አንድ ቀን ነፋስ መጋረጃውን ገለጠው። ተያዩ። ከዚያ በኋላ መጋረጃው ተመልሶ ቢወድቅም እንደ ድሮው መጋረጃ አልሆነም።

ደብዳቤ አልተጻጻፉም። ወረቀት የሰው እጅ ይገባል። ባለፈው ሳምንት ግን ያህያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲህ አላት።

“የአገሬ ልጆች እሁድ ወደ ሳውዲ ይነሳሉ። አብሬያቸው ልሂድ ወይ? እሺ ካልሽኝ የኔ ሳውዲ እዚሁ ነው፤ ሐጂ እግር ሥር ወድቄ እጠይቅሻለሁ። አሁን አትመልሺልኝ። ዓርብ ልጆቹን ይዘው ይምጡ፣ ዓሣ ማጥመድ ላሳያቸው ብዬ ሐጂን ለምኛለሁ። ሂና ተቀብተሽ ከመጣሽ ይገባኛል። እጅሽ ባዶ ከሆነ አንድም ቃል አልጠይቅሽም።”

በሰፈራቸው ባል የሌላት ሴት እጇን አታስጌጥም። ለዚህ ነው ምልክቱን የመረጠው።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ዐሊያ ጎረቤት ሄደው ሳለ ሻይማ ሂናውን በሎሚ አቦካች። ከጣቶቿ ጫፍ እስከ አንጓዋ የወይን ሐረግ ሳለች። ጀርባውንም፣ መዳፉንም። በላስቲክ ጠቅልላ ቁጭ አለች። ስታጥበው የወጣው ቀለም በሃያ ዓመቷ ሙሽራ የሆነችበትን ቀን አስታወሳትና ብቻዋን ሳቀች።

ከመግሪብ ሶላት በኋላ ሐጂ ዐብደላ ጠሯት። እጆቿን በነጠላ ሸፍና ፊታቸው ተቀመጠች።

“ልጄ፣ ባሲል ከጂዳ ደውሎ ነበር” አሉ። ባሲል የሰላህ ታናሽ ወንድም ነው። “የወንድሙን ሚስት ላግባ፣ ልጆቹም በአንድ ጣሪያ ሥር ይደጉ ይላል። አላስገድድሽም። ሌላ ሰው ብታስቢም ሐላል ነው፣ ልከለክልሽ አልችልም። ግን ሳታውቂ እንዳትወስኚ፤ እናት ባዕድ ካገባች ልጆች ለአባታቸው ወገን ናቸው። ኸውላና ዐማር ከዚህ ቤት አይወጡም።”

ድምፃቸው ክፉ አልነበረም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ይቀላት ነበር።

ከዚያ ሂናውን በሳሙና ፈተገችው። በሎሚ ፈተገችው። በረኪና ሞከረች። እጇ ተላጠ፤ ሂናው ግን ይብስ ደመቀ።

*

ያህያ ጀልባዋን አሸዋው ላይ ጎትቶ ይጠብቃቸው ነበር። ከሩቅ የነዳጅ ማጣሪያው ጭስ ማውጫ ቀጭን ነበልባል ይተፋል። ለበዓል የተዘጋጀ ይመስል ነጭ ሸሚዙን አጥቦ ለብሷል። ልጆቹ ወደሱ ሮጡ። እሱ ግን ከልጆቹ ራስ በላይ መጀመሪያ ያየው የሻይማን እጆች ነበር።

ጥቁር ጓንት።

“አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሐጂ። ኻላ ዐሊያ፣ እንዴት አደሩ?” ከዚያ ዞረ። በሰው ፊት ሁልጊዜ እንደሚያደርገው በልጇ ስም በአክብሮት ጠራት። “ኡሙ ኸውላ፣ ደህና ነዎት? ብርድ ያዘዎት እንዴ?”

“ፀሐዩን ፈርቼ ነው።”

“ፀሐይ እንኳ የዋህ ናት” አለ። ፈገግ ሊል ሞክሮ ተወው።

ባዶ እጅ “አይሆንም” ነበር፤ ሂና “እሺ” ነበር። ስለ ጓንት ግን አልተነጋገሩም። ያህያ አሁን ፊቱ ላይ እንደ ልጅ የሚነበብ ነገር ነበረ፦ የተዘጋ በር ፊት ቆሞ፣ አንኳኩቶ፣ ውስጥ ሰው ይኑር አይኑር ያላወቀ ሰው ፊት። ሻይማ ዓይኗን ወደ ባሕሩ መለሰች።

ዐሊያ ከጃንጥላው ሥር ምንጣፍ አንጥፈው የሻይ ፔርሙዛቸውን ከፈቱ። ያህያ በላስቲክ ጠርሙስ ላይ የተጠቀለለውን የማጥመጃ ክር ለልጆቹ አካፈላቸው፤ መንጠቆው ላይ ሰርዲን ሰክቶ ወደ ውኃው ወረወረላቸው። ከዚያ ዐማር ፊት ተንበረከከ።

“ስማኝ፣ ጀግናው። ክሩን በመዳፍህ ያዘው። በጣትህ ላይ ግን እንዳትጠመጥመው። የያዝከውን መልቀቅ ትችላለህ። ከጠመጠምከው ግን እሱ ነው አንተን የሚይዝህ።”

“ዓሣው ቢያመልጠኝስ?”

“ያምልጥ። ሌላ ዓሣ ይመጣል። ሌላ ጣት ግን ከየት እናመጣለን?”

“ከሱቅ!” አለ ዐማር።

ያህያ ሳቀ። ሻይማ ሳቁን ከጀርባው ሰማችው። ይህን ሳቅ ልጆቿ ያሉበት ቤት ውስጥ፣ ጠዋት ጠዋት፣ ከግድግዳው ወዲያ ሲሰማት በሐሳቧ አይታ ነበር። ትናንት፣ ሂናው እስኪደርቅ ድረስ።

“ያህያ፣ አንተ ልጅ” አሉ ዐሊያ ሻይ እየቀዱ፣ “እስካሁን የማታገባው ምን ሆነህ ነው? ዓሣ እንጂ ሴት ማጥመድ አታውቅም?”

“ሴት በሰርዲን አትጠመድማ፣ ኻላ ዐሊያ።”

“በምንድን ነው የምትጠመደው?”

“ቤት ይጠይቃል። የኔ ቤት ጀልባ ሥር ነው።”

ዐሊያ ሳቁ። ሐጂ ዐብደላ አልሳቁም። ብርጭቆውን አቀበሉትና ለረጅም ጊዜ አዩት።

“ሳውዲውስ?” አሉ። “ጓደኞችህ ሊነሱ ነው ሲሉ ሰማሁ።”

“አዎ፣ ሐጂ። እሁድ ነው። እኔ ገና አልቆረጥኩም።”

“ምን ትጠብቃለህ?”

ያህያ ሻዩን አየ። ከዚያ ለአንድ ቅጽበት ብቻ ጥቁሩን ጓንት አየ።

“አንድ ወሬ” አለ።

ሻይማ ምንጣፉ ላይ የተቀመጠውን ዳቦ መቁረስ ጀመረች። በጓንት ዳቦ መቁረስ ከባድ ነው። ፍርፋሪው ሁሉ ጥቁሩ ላይ ተጣበቀ፤ ማንም የሚያያት የለም ብላ ስታስብ ቀና አለች። እያያት ነበር። ዓይኑ ውስጥ ያለው ልመና ሳይሆን ይቅርታ ነበር፤ “ጠይቄ አስጨነቅሁሽ” የሚል ይቅርታ። ለልመና ተዘጋጅታ መጥታለች። ለዚህ አልተዘጋጀችም።

*

“ያዝኩ! ጂዱ፣ ያዝኩ!”

አያቱን የጠራው ዐማር ነበር። ክሩ ተወጥሮ ውኃውን እየሰነጠቀ ይሄዳል። ያህያ “ልቀቀው! ትልቅ ነው፣ ልቀቀው!” እያለ ከምንጣፉ ዘሎ ተነሳ። ልጁ ግን በሕይወቱ የመጀመሪያውን ዓሣ ሊለቅ አልፈለገም። እንዳያመልጠው ፈርቶ ክሩን በጣቱ ላይ ጠመጠመው። አንዴ፣ ደግሞ እንደገና።

ጩኸቱ ወዲያው ተለወጠ።

ሻይማ ከሁሉም ቀድማ ደረሰች። ክሩ የልጁ ጣት ሥጋ ውስጥ ገብቷል፤ ደሙ በመዳፉ ይወርዳል። ያህያ ልብሱን እንደለበሰ እስከ ወገቡ ባሕሩ ውስጥ ገብቶ ክሩን ወደ ራሱ ሳበ፤ እንዲላላ።

“አሁን! ፍቺው!”

ጓንቷ ረጥቦ ያሟልጫል። ስሱን ክር ሊይዝላት አልቻለም። ልጁ ይጮሃል። የጓንቷን ጫፍ በጥርሷ ነክሳ ሳበችው፣ አሸዋው ላይ ተፋችው። ሁለተኛውንም። በባዶ ጣቶቿ ክሩን አገኘችው፤ አንዱን ዙር ፈታች፣ ሁለተኛውን ፈታች፣ ጣቱን በመሸፈኛዋ ጫፍ ጨምቃ ልጁን ታፋዋ ላይ አስቀመጠችው። ያህያ ክሩን በቢላዋ ቆረጠ። ዓሣው ሄደ።

“አለቀ፣ ልጄ። አለቀ። አይዞህ።”

ዐማር ሲንሰቀሰቅ ቆየና ድንገት ዝም አለ። እንባው ጉንጩ ላይ እንዳለ የእናቱን እጅ ያየዋል።

“ኡሚ፣ እጅሽ ላይ አበባ አለ።”

 ማዕበሉ መጥቶ ተመለሰ። ሻይማ ቀና ስትል ያህያ ከውኃው ወጥቶ እዚያው ቆሟል፤ ሸሚዙ ተንጠባጥቦ፣ ቢላዋው በእጁ። ሐረጉን ከጣቶቿ ጫፍ እስከ አንጓዋ በዓይኑ ተከተለው። የሰው ፊት እንዲህ ሲበራ አይታ አታውቅም። አንድ ሰው ከሩቅ አገር ቤቱ ደርሶ በሩ ሲከፈትለት ምናልባት እንዲህ ይሆናል።

“ሻይማ” አለ። ጮክ ብሎ። ያለ “ኡሙ ኸውላ”፣ ያለ “እርስዎ”።

ሐጂ ዐብደላ ዞረው አዩት።

ያን ጊዜ ዐሊያ እልልታቸውን አቀለጡት። “እልልልል! ዐብደላ፣ አየህ? ትናንት ጠየቅካት፣ ዛሬ መልሱን በእጇ ይዛ መጣች! ተደብቃ ነው እንጂ፣ አፍራ ነው እንጂ! ለባሲሌ! ልጆቼ ከቤቴ ላይወጡ ነው፣ አልሐምዱሊላህ!”

ያህያ ስለ ባሲል አልሰማም ነበር። አሁን ሰማ። ያ የበራ ፊት ሳይጨልም በፊት ጥቂት ዘገየ፤ ሻይማን እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ የሚከተላት ያ መዘግየት ይሆናል።

“ቆይ፣ ዐሊያ” አሉ ሐጂ ዐብደላ።

“ምን እቆያለሁ? ዓይንህ...”

“ቆይ አልኩ።” ቀርበው አሸዋው ላይ፣ በሻይማ ፊት ቁጢጥ አሉ። ጉልበታቸው ስለሚያማቸው እንዲህ ሲቀመጡ አይታ አታውቅም። “ልጄ፣ ልጃገረድ ብትሆኚ ዝምታሽ ይበቃኝ ነበር። ባል ያየች ሴት ግን በአፏ ትናገራለች። ሸሪዐው እንዲህ ነው። ንገሪኝ። ሂናው ለባሲል ነው?”

“አይደለም፣ ዐሚ።”

ዐሊያ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። “ታዲያ ለማን ነው?”

ያህያ አንድ እርምጃ ወደፊት መጣ። ሊናገር እንደሆነ አወቀች። እግራቸው ሥር እወድቃለሁ ያለው ሰው አሁን ሊወድቅ ነው፤ በልጆቹ ፊት፣ በባሕር ውኃ የራሰ ሸሚዙን ለብሶ። አንዴ ከተናገረ ነገሩ ቃል ይሆናል፣ ቃሉም ከሁለት ልጆች ጋር ይመዘናል። ዐማር የቆሰለ ጣቱን ደረቷ ላይ አስደግፎ ይተነፍሳል። ኸውላ ከኋላ መጥታ ትከሻዋን ይዛለች። ሁለቱም ይመዝናሉ። ከባሕሩ ሁሉ ይከብዳሉ።

“ለማንም አይደለም” አለች ሻይማ፣ ቀድማው። “ለራሴ ነው። አራት ዓመት ባዶ እጄን አየሁ። አንድ ቀን ሌላ ነገር ላይበት አማረኝ። ሌላ የለውም።”  ዓይኗ ከልጁ ጣት አልተነሳም፤ ቃሏ ግን ለማን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል። “ባሲልን አላገባም። ማንንም አላገባም። ልጆቼ ካሉበት ቤት አልወጣም።”

ያህያ ያነሳውን እግር ወደ ኋላ መለሰ።

ሐጂ ዐብደላ ያህያን አዩ። የሻይማን እጅ አዩ። ከዚያ ባሕሩን።

“በአፏ ተናገረች” አሉ ቀስ ብለው ለሚስታቸው። “ለባሲል እኔ እነግረዋለሁ።” ለመነሳት እጃቸውን ዘረጉ። ደግፎ ያነሳቸው ያህያ ነበር። እጁን ከሚገባው በላይ ይዘው ቆዩ፤ አፋቸውን ከፈቱና ዘጉት። ማለት የፈለጉት ነገር ቤታቸውን ባዶ የሚያደርግ ነበርና አላሉትም።

*

መሄጃ ሲደርስ ሻይማ የዐማርን ጣት በንጹሕ ውኃ ልታጥብ ወደ ጀልባዋ ጥላ ወሰደችው። ያህያ ጀሪካኑን ያዘላት። ውኃውን በቀጭኑ አፈሰሰላት።

“እጅሽ ሌላ ይላል፣ አፍሽ ሌላ” አለ።

“እጄ የተናገረው ትናንት ነው። አፌ ዛሬ።”

“ትናንት ያልነበረ፣ ዛሬ የመጣ ምንድን ነው?”

“ትናንት ልጆቼን ይዤ የምመጣ መስሎኝ ነበር።”

ገባው። ውኃው በሂናው ሐረግ ላይ እየተንኳለለ ወደ አሸዋው ወረደ።

“ልጠብቅሽ?” አለ። “ዓሣ እያጠመድኩ። ኸውላ እስክትዳር፣ ይሄም ጎበዝ ጢም እስኪያበቅል። ያኔ ሽማግሌ እሆናለሁ፣ አንቺም ጥርስሽ ይወልቃል። ለሽማግሌ ደግሞ ማን ይቆጣል?”

ሊያስቃት ነበር። ሳቀች፤ ሳቁ ከግማሽ ሳይደርስ ሌላ ነገር ሆነ።

“አትጠብቀኝ፣ ያህያ። ብሬቃ ካለህ ሐሙስ ትመጣለህ። ሐሙስ ከመጣህ እኔ እናት መሆን ያቅተኛል። ሂድ።”

“ልጅሽን ጠዋት አስተማርኩት” አለ፣ የጀሪካኑን ክዳን እየዘጋ። ክዳኑ አልገጥም ብሎት ደጋገመው። “እንዳትጠመጥመው አልኩት። እኔ ራሴ ግን...” አልጨረሰውም።

“ስትደርስ ደውል” አለች። “ለኔ አይደለም። ለዐሚ ደውልላቸው። ‘ደርሻለሁ፣ ሐጂ’ በላቸው። ሌላ ምንም አትበል። ከመጋረጃው ወዲያ እሰማለሁ።”

“እላቸዋለሁ።”

“ወላሂ በል።”

“ወላሂ።”

ዐማር ከአንዱ ወደ ሌላው ቀና ብሎ ያያቸው ነበር። “ዐሞ ያህያ” አለ፣ “ዓሣዬ ክሩን ይዞ ሄደ አይደል? ያመዋል?”

ያህያ ተንበርክኮ የልጁን ግንባር ሳመ። ራሱን ቶሎ አላነሳም።

“ይለምደዋል” አለ።

*

ሲመለሱ ፀሐይ ከብሬቃ ጀርባ ወርዳለች። ሻይማ ጓንቶቹን አሸዋው ላይ ረስታቸዋለች፤ ወይም አልፈለገቻቸውም። ዐሊያ ኩርፊያቸው አልለቀቃቸውም፤ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ሄዱ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን ከቦርሳቸው መሐረብ አውጥተው፣ ወደ እሷ ሳያዩ፣ ታፋዋ ላይ ጣሉላት።

“ኡሚ፣ አበባው መቼ ይለቃል?” አለ ዐማር።

“ከመዳፌ ቶሎ ይለቃል። ከጥፍሬ ላይ ይቆያል።”

“እንዳይለቅ” አለና ጤነኛ እጁን መዳፏ ውስጥ አስገባ።

ኸውላ በግራዋ በኩል ተጠግታለች።  “ዐሞ ያህያ ዓይኑ ቀልቶ ነበር” አለች።

“ጨው ገብቶበት ነው።”

“የባሕር ጨው?”

ሻይማ ከፊቷ ያለውን መንገድ አየች። ኸውላ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ደግማ አልጠየቀችም። የእናቷን ግራ እጅ ፈልጋ ጣቶቿን በጣቶቿ መሃል አስገባችና ጭምቅ አድርጋ ያዘችው።

“ሬዲዮውን ከፍ አድርግልኝ” አሉ ሐጂ ዐብደላ ለሹፌሩ። ሐጂ ሬዲዮ አይወዱም። ሹፌሩ ገረመው፤ ከፍ አደረገው።

ልጆቹ እንቅልፍ ወሰዳቸው። አንዱ በቀኝ፣ አንዷ በግራ፣ እያንዳንዳቸው ቀይ እጅ ይዘው። እንዳይነቁባት ፈርታ አንዱንም ከእጃቸው አላወጣችም። መሐረቡ ታፋዋ ላይ እንደታጠፈ ቀረ፤ እንባዋ በራሱ መንገድ፣ የሚጠርገው ሳያገኝ፣ እስከ አንገቷ ወረደ።